የሦስተኛው ቀን ልኬት

የከብት ነቀርሳ ምርመራ ሁለት ጉዞ ነው። በመጀመሪያው ቀን መርፌውን ወግተህ ትመለሳለህ፤ ከወጋህ በሦስተኛው ቀን ሄደህ ትለካና ያገኘኸውን ለባለቤቱ ትነግራለህ። በአሰላ ከተማና በዙሪያዋ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ሳጉሬና በቆጂ ድረስ በእንስሳት ጤና ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት የመጀመሪያው ቀን ከብዶኝ አያውቅም። ከብቶቹ ይታሰራሉ፣ የሰፈሩ ልጆች ለማየት ይሰበሰባሉ፣ ቡና ይፈላል፣ ሥራው ያልቃል። ሦስተኛው ቀን ግን ሌላ ነው።

ለአሰላ ሰው የፈረንጅ ላም እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት ድጋፍ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ እኛ ሁላችን «ካዱ» የምንለው፣ ዋና መሥሪያ ቤቱን አሰላ ላይ አድርጎ ከምርጥ ዘርና ከማዳበሪያ ጎን ለጎን የአርሲን ላም ከፍሪዥያን ያዳቅል ነበር። ያረገዙ ዲቃላ ጊደሮችን ለገበሬ ይሸጣል፣ ወተቱን ይሰበስባል። የአርሲ ላም ትንሽ ናት፤ ብርዱን ትችላለች፣ ገለባ በልታ ታድራለች፤ ወተቷ ግን ከጥጃዋና ከቤቱ ልጆች ብዙ አይተርፍም። ዲቃላዋ ከእጥፍ በላይ ትታለባለች። ድርጅቱ በኋላ መላውን አርሲ ሲያቅፍ «አርዱ» ተባለ፤ መንግሥት ተለወጠ፣ ስሙም ተለወጠ፤ ላሚቱ ግን በየግቢው ቀረች። እኔ ሥራ ስጀምር አሰላ ውስጥ ሁለትና ሦስት ዲቃላ ላም በጓሮው የሌለው ቤት ስታልፍ ይገርምህ ነበር።

ብዙ ሰው ነቀርሳውም ከፈረንጅ ላም ጋር የመጣ ይመስለዋል። እኔም ለረጅም ጊዜ እንዲህ ሲባል ስሰማ ኖሬአለሁ። ተመራማሪዎች ከየቄራው ጀርሙን ሰብስበው የዘር ሐረጉን ሲያዩት ግን አብዛኛው በኢትዮጵያ፣ በኡጋንዳ፣ በታንዛኒያና በቡሩንዲ የሚገኝ የምሥራቅ አፍሪካ ቤተሰብ ሆኖ ተገኘ። ጀርሙ እዚሁ ነበር። የተለወጠችው ላሟ ናት፤ ቤቷም ጭምር። የሀበሻ ከብት ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ ውሎ ይገባል። የፈረንጇ ግን ውድ ስለሆነች አትወጣም፤ ከሁለት ሺህ አራት መቶ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለው በአሰላ ብርድ፣ መስኮቱ በጆንያ በተደፈነ በረት ውስጥ ከባልንጀራዋ ጋር አፍ ለአፍ ገጥማ ትውላለች፣ ታድራለች። በእነጎበና አመኒ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው ሥራ በመካከለኛው ኢትዮጵያ 5,424 ከብት መርምሮ ከፈረንጆቹ፣ ከሆልስታይኖቹ፣ 22.2 በመቶው፣ ከሀበሾቹ 11.6 በመቶው ነቀርሳ እንዳለባቸው አሳይቷል። በዚያ ጥናት የተመረመሩት ሁሉ ሜዳ የሚውሉ ነበሩ፤ ስለዚህ የዝርያውም ድካም እንዳለበት ግልጽ ነው። በረት ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን በየጓሮው አይቻለሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ ጥንቃቄው ግን ብዙ። ሁለት ዓይነት ቱበርኩሊን በአይስ ቦክስ ይዘን እንወጣለን፤ አንዱ ከከብት ነቀርሳ ጀርም፣ ሌላው ከወፍ ነቀርሳ ጀርም የተሠራ። ሮበርት ኮኽ እ.ኤ.አ. በ1890 ቱበርኩሊንን ለዓለም ያስተዋወቀው የነቀርሳ መድኃኒት ነው ብሎ ነበር፤ መድኃኒትነቱ አልሠራም፣ በሽታውን ማጋለጡ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ይሠራል። የላሚቱን አንገት መሐል በሁለት ቦታ በምላጭ እላጫለሁ፤ በመካከላቸው አሥራ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል እተዋለሁ። ቆዳዋን በሁለት ጣቴ ቆንጥጬ ውፍረቱን በካሊፐር እለካለሁ፤ ረዳቴ ይጽፋል። ከዚያ ከላይ የወፉን፣ ከታች የከብቱን፣ ከእያንዳንዱ 0.1 ሚሊ ሊትር። መርፌው ቆዳውን አልፎ ከሥር ከገባ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው፤ መድኃኒቱ እቆዳው ውስጥ መቅረት አለበት። መቅረቱን የሚነግረኝ ጣቴ ነው፤ ስዳብሰው አተር የምታህል እብጠት ካላገኘሁ ሌላ ቦታ ልጬ እደግማለሁ።

ገበሬዎች ሁልጊዜ የሚጠይቁት የወፉን ነው። «ላሜ ዶሮ ሆነች እንዴ?» ይሉኛል። የምመልሰው በረቱን እያሳየሁ ነው። ዶሮዎቹ ከግርግሙ ጠርዝ ላይ ያድራሉ፤ አፈሩና ኩሬው ውስጥም የነቀርሳ ጀርም የሩቅ ዘመዶች ሞልተዋል። እነሱ የነኳት ላም ነቀርሳ ሳይኖርባት ቆዳዋ ሊያብጥ ይችላል። ሁለቱን አብሮ መውጋት ያስፈለገው ላሟን በሐሰት ላለመክሰስ ነው። ከ72 ሰዓት በኋላ የከብቱ እብጠት ከወፉ እብጠት ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ከበለጠ አለባት ይባላል፤ በ1 እና በ4 መካከል ከሆነ ታጠራጥራለች፣ ከወራት በኋላ ትደገማለች። ይህ ድንበር የተሰመረው በውጭ አገር ከብት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 እዚሁ አገር በተሠራ ሥራ፣ መርምሮ፣ አርዶ፣ ውስጡን አይቶ በማነጻጸር፣ ድንበሩ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ቢወርድ የታመሙት የበለጠ እንደሚያዙ ታይቷል። ከዚያ ወዲህ በየቅጹ ላይ ሁለቱንም ድንበር አስበን እንጽፋለን።

አሁን ወደ ሦስተኛው ቀን ልመለስ። አሰላ ከተማ ውስጥ ባላቸውን በሞት ያጡ አንዲት እናት ነበሩ፤ ሰፈሩ ሁሉ አዴ ይላቸዋል፣ እኔም አዴ ነው የምላቸው። ሁለት ላም አላቸው። ትልቋ ጉራቻ ትባላለች፤ ጥቁር ናት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት፤ እናቷ ባለቤታቸው በአርዱ ዘመን ከገዟት ጊደር የተወለደች። ወተቷን በየማለዳው የሚወስዱ ደንበኞች አሏቸው። በዚያን ሰሞን ከደብረ ዘይት ለመመረቂያ ጽሑፋቸው የመጡ የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች አብረውኝ ነበሩ።

ገና በረት ስገባ አየሁት። የላይኛው፣ የወፉ ቦታ፣ ከነበረበት እምብዛም አልተነሳም። የታችኛው ግን ካሊፐር የሚያስፈልገው አይመስልም ነበር። በመዳፌ ስነካው ሞቋል፣ ጠጥሯል፤ ጠርዙ በጣት አይያዝም። ጉራቻ አንገቷን ሸሸች፤ ያማታል ማለት ነው። ለካሁ። ደግሜ ለካሁ። ተማሪው ቁጥሩን ሲጽፍ እጁ ቆም አለና ቀና ብሎ አየኝ። አዴ እኔን ሳይሆን እሱን ነበር የሚያዩት፤ ከፊቱ አነበቡት።

«አለባት አይደል?» አሉኝ።

«አለባት፣ አዴ።»

«አትስልም እኮ። ድርቆሽ ብሰጣት ድርቆሽ፣ ፉሩሽካ ብሰጣት ፉሩሽካ ጠርጋ ነው የምትበላ። ሰው ሲታመም ይከሳል፤ እሷ ምኗ ከሳ?»

እውነታቸውን ነው። ነቀርሳ የያዛት ላም ለዓመታት ምንም ሳትመስል ልትኖር ትችላለች፤ ምርመራው ያስፈለገውም ለዚሁ ነው። ይህን ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «እሺ፣ ገባኝ። አሁን ምን ላድርግ?» አሉ።

በሙያዬ ውስጥ ከዚህ የከበደ ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1917 ጀምሮ፣ እንግሊዝም በኋላ፣ በሽታው የተገኘባትን ላም እያረዱ ለባለቤቱ ካሣ ሲከፍሉ ኖረው በሽታውን አዳከሙት። ካዱን ያቋቋመችልን ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1958፣ ማለትም ካዱ ከመመሥረቱ ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብላ፣ ከከብት ነቀርሳ ነጻ ተብላለች። እኛ ጋ ግን የተገኘባትን ላም የሚገዛ መንግሥት የለም፤ አርዶ ካሣ የሚከፍል ሥርዓት የለም። ሕክምናውም ለወራት የሚወሰድ የሰው መድኃኒት ስለሆነና መድኃኒቱን የለመደ ጀርም ሊያፈራ ስለሚችል ለከብት አይሰጥም። ስለዚህ ለአዴ የነበረኝ መልስ ሦስት ምክር ነበር፤ ላሟን ከሌላዋ ይለዩ፣ ወተቷን ሳያፈሉ ለማንም አይስጡ፣ ከሸጧት ደግሞ ለእርድ ብቻ ይሽጧት።

«ለይቼ የት ላስራት? ግቢዬን እያየኸው» አሉኝ። በግቢያቸው ከበረቱ ሌላ የነበረችው አንዲት የእንጨት ማድቤት ናት።

በዚህ አካባቢ ከብት የሚመረምር ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ ግን በሪፖርት ላይ የማይጻፍ ነገር አለ። ምርመራው ባለፈ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ጥሩ ጥሩ የወተት ላሞች ገበያ ይወጣሉ። ላሟ ወፍራም ናት፣ ጡቷ ያማረ ነው፣ ባለቤቱ «ቸግሮኝ ነው» ይላል። ገዢው ደስ ብሎት ወደ ኢተያ ወይም ወደ ሁሩታ ይነዳትና ጤነኞቹ መካከል ያስራታል። የሸጠውን ሰው ክፉ ለማለት አልደፍርም፤ ቤቱ ያለው ሀብት እሷው ናት፣ እኛ ደግሞ ስሟን አጥፍተን እጃችንን አጣጥፈን ሄደናል። ካሣ በሌለበት የሚደረግ ምርመራ በሽታውን ከአንድ በረት አስነስቶ ወደ ሌላ በረት ይሸኘዋል። ይህን ደጋግሜ በየስብሰባው ተናግሬአለሁ፤ ዛሬም የምለው ይህንኑ ነው።

አዴ ጉራቻን ለወተት አልሸጧትም። ሥጋ ቤት ላለው ሰው ሰጧት፤ ያገኙት ገንዘብ ወተት ለሚፈልግ ሰው ቢሸጧት ከሚያገኙት ግማሹን እንኳ አይሞላም ነበር። ልዩነቱን የተካላቸው ማንም የለም። በእርዱ ቀን ከተማሪዎቹ ጋር ቄራ ሄድኩ። የሥጋ ተቆጣጣሪው ከጉሮሮዋ ጀርባ ያሉትን ዕጢዎች አውጥቶ ሰነጠቃቸው፤ ንጹሕ ነበሩ። የሳንባዋን ዕጢ ሲቆርጥ ግን ቢላዋው ኮረት የነካ ያህል ኮሸሸ። ውስጡ ቢጫ፣ የደረቀ፣ ኖራ የገባበት መግል ነበር። ከሳንባዋ ውጭ አልተስፋፋም፤ ሳንባዋ ተጣለ፣ ሌላው ሥጋ አለፈ። ተማሪዎቹ ቁራጩን በብልቃጥ አድርገው በረዶ ውስጥ ከተቱት። ማታ ሄጄ ለአዴ የሆነውን ነገርኳቸው። «እንግዲህ አልዋሸህም» አሉኝ። ትንሿ ላማቸው በመጀመሪያው ልኬት አጠራጣሪ ነበረች፤ ከሁለት ወር በኋላ ስንደግማት ነጻ ወጣች።

ምርመራው ግን ሁልጊዜ እንዲህ እውነቱን አያወጣም፤ ይህንንም መናገር ግዴታዬ ነው። ከበቆጂ ማዶ፣ ገብስ ብቻ በሚበቅልበት ደጋ፣ አጥንቷ የወጣ አንዲት አሮጌ ላም መርምረን ነበር። ብርዱን ፈርታ ጀርባዋን አጉብጣ ትቆማለች፣ ስትንቀሳቀስ ትስላለች። በሦስተኛው ቀን ሁለቱም ቦታ እንደተወጋ ቀን ለስላሳ ነበር። ባለቤቱ «ተመስገን» ብለው ሊስሙኝ ምንም አልቀራቸውም። በሽታው ሰውነቷን ሁሉ የወረሳት ላም ቆዳዋ መመለስ ያቅተዋል፤ አዲስ የወለደችም እንዲሁ ለጥቂት ሳምንታት ዝም ልትል ትችላለች። ቁጥሩ ነጻ ናት ቢልም ሁኔታዋ እንደማይለኝ ነገርኳቸው፤ ከጥጃዎቹ እንዲለዩዋትም ለመንኩ። ክረምቱ ሳያልቅ ሞተች። ደረቷን ስንከፍተው ሳንባዋ ከጎድን አጥንቷ ጋር ተጣብቆ ነበር፤ ጤነኛ የሆነ ቦታ ፈልገን ያገኘነው ትንሽ ነው። ከቆዳው ምርመራ ያመለጡ አንዳንዶቹን ለመያዝ የደም ምርመራ አለ፤ ደሙ ግን ሕያው ሆኖ በቀኑ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። አሰላ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ያላት ከተማ ናት፤ ከዚያ ደጋ በክረምት መንገድ በጊዜ መድረስ ግን ሌላ ነገር ነው።

ስለ ወተቱም ብዙ ተከራክረናል። ቅቤ የሚነጥሩ ሴቶች ወተት ከተፈላ እንደ ድሮው እርጎ እንደማይሆንላቸው፣ ቅቤውም እንደሚያንስ ያውቃሉ። ቅቤ ደግሞ የእነሱ የራሳቸው ገንዘብ ነው። ዕቃውን በወይራ ማጠን ለሽታው ግሩም ነው፣ ወተቱ እንዳይበላሽም ይረዳል፤ ነቀርሳን ያጠፋል ብሎ መተማመን ግን አይቻልም። ስለዚህ ክርክሬን አሳጠርኩት፤ ቢያንስ ለሕፃናት የሚሰጠው ወተት እሳት ይንካ፣ ይፍላ። ይህን የማይቀበል እናት አላጋጠመኝም።

ለማስፈራራት ስል አጋንኜ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት በአገራችን ከነቀርሳ ሕሙማን የተወሰዱ 964 ናሙናዎች ተመርምረው የከብቱ ጀርም የተገኘባቸው እጅግ ጥቂቶቹ ነበሩ፤ የአንገት ዕጢ ያበጠባቸውም ቢሆኑ አብዛኞቹ የያዛቸው የሰው ነቀርሳ ነው። እንዲያውም ከሰው ወደ ከብት የሚሄድበት መንገድም አለ። በመካከለኛው ኢትዮጵያ ገበሬው አልቅት የያዘውን ከብት ለማዳን ትንባሆ አኝኮ ጭማቂውን ከብቱ አፍ ውስጥ ይተፋል፤ ተመራማሪዎችም የሰውን ጀርም ከብት ላይ አግኝተዋል። ይህን ካነበብኩ በኋላ በሄድኩበት ቤት ሁሉ በቤቱ የሚያስል ሰው እንዳለ መጠየቅ ልማዴ ሆነ። አለ ከተባልኩ ወደ ጤና ጣቢያ እልካለሁ። ለሰው ምርመራውም መድኃኒቱም በነጻ ነው፤ ደስ የሚለኝ የሥራዬ ክፍል ይህ ነው።

ሌላም ደስ የሚል ነገር መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ሥራ፣ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠራ፣ ለሕፃናት የምንሰጠው የቢሲጂ ክትባት ለጥጆች ቢሰጥ የበሽታውን መተላለፍ በ90 በመቶ ገደማ ሊቀንስ እንደሚችል አሳይቷል። ቢሲጂ ራሱ ድሮ ፈረንሳይ ውስጥ ከከብት ነቀርሳ ጀርም የተሠራ ክትባት ነው። ችግሩ የተከተበች ላም በእኛ ቱበርኩሊን ስትወጋ እንደታመመች ልታብጥ መቻሏ ነበር፤ ለእሱም ክትባቱን ከበሽታው የሚለይ አዲስ የቆዳ ምርመራ በአገራችን ከብቶች ላይ ጭምር ተሞክሯል። አርዶ ካሣ መክፈል ለማይችል አገር ከዚህ የተሻለ መንገድ አይታየኝም። እስከ አርሲ በረቶች እንዲደርስ አጥብቄ እመኛለሁ።

ከአዴ በኋላ ከመላጨታችን በፊት ተቀምጠን መነጋገርን አስቀደምን። ውጤቱ ምን ሊሆን እንደሚችል፣ የምንሰጠው ምን እንደሆነና የማንሰጠው ምን እንደሆነ አስቀድመን እንናገራለን፤ የፈለገ ይታሰርለታል፣ ያልፈለገ ይተዋል። አብዛኛው ሰው ይሁን ይላል። ከሳጉሬ ወጣ ብሎ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ግን ሁሉንም ከሰሙ በኋላ ጥያቄ አለኝ አሉ።

«ላሜ ታማ ብትገኝ ትገዙኛላችሁ?»

«አንገዛም፣ ኦቦ።»

«መድኃኒትስ አላችሁ?»

«ለከብት የሚሰጥ የለም።»

«ታዲያ አውቄ ለሰው ልሽጣት ወይስ አውቄ ልጆቼን ላጠጣ?»

«አፍልተው ያጠጧቸው፤ ከሸጧትም ለእርድ ብቻ ይሁን» አልኩ።

«ማፍላቱን ከዛሬ ጀምሮ አፈላለሁ» አሉ፤ «ላሜን ግን አትንኳት።» ቡናውን አስጠጡን፣ እስከ አጥሩ በር ሸኙን። ቅጹ ላይ ለእንዲህ ያለው ቤት የተዘጋጀው ቦታ «ፈቃደኛ ያልሆነ» የሚል አንድ ሣጥን ብቻ ነበር። ሣጥኑ ላይ ምልክት አደረግሁ፤ ከጎኑ አስተያየት በሚለው ዓምድ ውስጥ ደግሞ የጠየቁኝን ሦስቱንም ጥያቄ ከነመልሱ ጽፌ ፈረምኩበት።